የዴሌጌት ግምቴ አላባማ ላይ ገደል ገባ፤ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ማሙሽ ኤክሴል፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለ2028ቱ የአሜሪካ ቅድመ ምርጫ ከወዲሁ እጄን ላፍታታ ብዬ የ2008ቱን የኦባማና የሂላሪን የዴሞክራት እጩነት ፍልሚያ ከዜሮ ጀምሬ ኤክሴል ላይ እየሠራሁት ነው። ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትጣሉኝ። ያንን ዓመት የመረጥኩት ሁለቱ ብቻ ቀርተው እስከ ጁን ስለተጎተቱ ነው። ውጤቱም አብቅቶለታል፣ ግምቴን ለማረም ይመቸኛል።

ዴሌጌት የሚባሉት በፓርቲው ጉባኤ እጩውን የሚመርጡ የየስቴቱ ተወካዮች ናቸው። ዘዴዬ ቀላል ነው። የስቴቱን ውጤት እወስዳለሁ፣ ከሁለቱ ውጪ ያለውን ድምፅ አወጣለሁ፣ የቀረውን መቶኛ በስቴቱ የዴሌጌት ብዛት አባዛለሁ። አለቀ። መጀመሪያ ኒው ጀርሲን ሞከርኩ። ሂላሪ 53.8፣ ኦባማ 43.9፣ ዴሌጌቱ 107። ኤክሴል 59 ለ 48 አለኝ። እውነተኛው ውጤት? 59 ለ 48! አይዳሆን ሞከርኩ፣ 15 ለ 3፣ ልክ። የቴክሳስን ፕራይመሪ (ጣቢያ ሄደው ድምፅ የሚሰጡበትን) ሞከርኩ፣ 65 ለ 61፣ እሱም ልክ። ልበር ምንም አልቀረኝ። ይህን ነው እንዴ እነዚያ ቲቪ ላይ ያሉት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚያከብዱት ብዬ ሳቅኩ።

ከዚያ አላባማ ደረስኩ። ኦባማ 56፣ ሂላሪ 41.6፣ ዴሌጌቱ 52። የኔ ሂሳብ 30 ለ 22 ይላል። እውነተኛው 27 ለ 25 ነው። በ14 ነጥብ አሸንፎ የሁለት ዴሌጌት ብልጫ ብቻ? ቀመሩን አሥር ጊዜ አየሁት። ምንድነው ያመለጠኝ?

የአሌክሳንድሪያው፦
ማሙሽ፣ ማባዛቱ ልክ ነው። የምታባዛው ነገር ነው ልክ ያልሆነው። የዴሞክራቶች ዴሌጌት የሚታደለው ከአንድ ድስት አይደለም፣ ከሦስት ነው። ትልቁ ድስት በየኮንግረስ ወረዳው የሚከፋፈለው ነው። ሁለተኛው በስቴቱ ጠቅላላ ውጤት የሚከፋፈለው ነው። ሦስተኛው ለፓርቲው ሹማምንት የተያዘ ነው፣ እነሱም በስቴቱ ውጤት ይታሰራሉ። እያንዳንዱ ድስት ለብቻው ይጠጋጋል፣ በትልቁ ድስት ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ወረዳ ለብቻው ይጠጋጋል። ዴሌጌት ሰው ነው፣ አይቆረስም።

አሁን አራት ዴሌጌት ያለው ወረዳ ውሰድ። አንዱ 60 አገኘ፣ ሌላው 40። ሲባዛ 2.4 እና 1.6 ይመጣል። ሙሉ ሙሉውን ስትሰጣቸው 2 እና 1 ይይዛሉ፣ የተረፈችው አንዷ ቀሪው ትልቅ ለሆነው ትሄዳለች፣ እሱም የተሸነፈው ሰውዬ ነው። 2 ለ 2! በ20 ነጥብ አሸንፈህ ምንም ሳትበልጥ ወደ ቤት። እዚያ ወረዳ ላይ 3 ለ 1 ለማድረግ ከ62.5 በላይ ያስፈልግሃል። ስድስት ባለበት ወረዳ 4 ለ 2 የምታገኘው ከ58.3 ስታልፍ ነው። ሦስት ወይም አምስት ባለበት ግን በአንድ ድምፅ የበለጠም ቢሆን ትርፏን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዴሌጌት ቆጣሪ ወረዳ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቁጥሩ ሙሉ (ለሁለት እኩል የሚካፈል) ነው ጎዶሎ ብሎ ነው። ማን ይመራል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አላባማ ያኔም አሁንም ሰባት ወረዳ ናት። የጥቁር መራጭ የበዛበት 7ኛው ወረዳ ላይ የኦባማ ድምፅ ተትረፈረፈ፣ የተትረፈረፈው ግን ወደ ጎረቤት ወረዳ አይሻገርም።

ማሙሽ ኤክሴል፦
እሺ ገባኝ። ታዲያ ኒው ጀርሲና አይዳሆ ለምን ልክ መጡልኝ? ዕድል ነው?

የአሌክሳንድሪያው፦
ግማሹ ዕድል ነው። ግማሹ ደግሞ ስህተቱ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ነው፣ አንዱ ወረዳ ላይ የጠፋችብህን ሌላው ወረዳ ይመልስልሃል። ካሊፎርኒያን ሞክር፣ ያኔ 53 ወረዳና 370 ዴሌጌት ነበራት። ያንተ ዘዴ ለሂላሪ 201 ይሰጣል፣ ያገኘችው 204 ነው። ከዚያ ሁሉ ሦስት ብቻ መሳት ጥሩ ነው። ችግሩ ግን የምትስትበትን ስቴት አስቀድመህ አታውቀውም።

በነገራችን ላይ እነዚያን ሁለት ስቴቶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው እስቲ። ሁለቱም የሱፐር ቱስዴይ፣ ብዙ ስቴት በአንድ ቀን የሚመርጥበት ቀን ናቸው፣ ፌብሩዋሪ 5። ኒው ጀርሲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወጥቶ ሂላሪ በ11 ዴሌጌት በለጠች። አይዳሆ ወደ 21 ሺህ ሰው ኮከስ (በስብሰባ የሚደረግ ምርጫ) ወጥቶ ኦባማ በ12 በለጠ። ቲቪው ሌሊቱን ሙሉ ስለ ኒው ጀርሲ ሲያወራ የኦባማ ቆጣሪዎች አይዳሆን ይዘው እየሳቁ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

አልዋጥልኝም፦
ይቅርታ ግን ይህ ዴሞክራሲ ነው ወይስ ሎተሪ? ሚሊዮን ሰው ከ21 ሺህ ሰው ያነሰበት አገር! ድምፁን ደምሮ የበለጠው አሸነፈ ማለት ምን ይከብዳል?

ሰብለ ከሲያትል፦
ወንድሜ መደመሩማ ነው የሚከብደው። ምኑን ትደምራለህ? እኛ ዋሽንግተን ስቴት በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ነው የመረጥነው። ፌብሩዋሪ 9 ኮከስ ነበር፣ ኦባማ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ወሰደ። ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ ፕራይመሪ ተደረገ፣ ብዙ እጥፍ ሰው ድምፅ ሰጠ፣ ልዩነቱ ወደ አምስት ነጥብ ወረደ። ዴሌጌቱን የወሰነው ግን ኮከሱ ብቻ ነው፣ 52 ለ 26። ፕራይመሪው ለዴሞክራቶች ለጌጥ ነበር። ታዲያ ለጠቅላላ ድምፅ ድምር የትኛውን ትወስዳለህ? ሚሺጋን ላይ ደግሞ የኦባማ ስም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እሱንስ ዜሮ ብለህ ትደምራለህ?

ያን ቀን እኔም ሄጃለሁ። የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፣ ስምህንና የምትደግፈውን ወረቀት ላይ ትጽፋለህ፣ ከዚያ ጎረቤት ከጎረቤት ይከራከራል፣ ሐሳቡን መለወጥ የፈለገ ይለውጣል። ልክ እንደ እድር ስብሰባ ነው፣ ቡናው ብቻ ነው የቀረው። የኛ ሰፈር ተወካዮች ተቆጥረው ተመደቡ። እነሱ ግን ለብሔራዊው ጉባኤ አይደለም የሚሄዱት፣ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ነው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ስለዚህ ማሙሽዬ፣ የኮከስ ስቴት ላይ በማግሥቱ የምታነበው የዴሌጌት ቁጥር ራሱ ግምት ነው። አይዋን እይ። በጃንዋሪ 3 ማታ 16 ለኦባማ፣ 15 ለሂላሪ፣ 14 ለሦስተኛው ተወዳዳሪ ለኤድዋርድስ ተባለ። ኤድዋርድስ በወሩ መጨረሻ ከውድድሩ ወጣ። ማርች ላይ የካውንቲ ስብሰባዎች ሲደረጉ የሱ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ኦባማ ዞሩ። አዲስ ድምፅ የሰጠ ሕዝብ የለም፣ ቁጥሩ ግን ተለወጠ።

ጋሽ ታክሲ ቬጋስ፦
ልጆች፣ ስለ ኮከስ ከተነሳ እኔን ጠይቁኝ። ያን ጊዜ እዚሁ ቬጋስ እነዳ ነበር፣ ጃንዋሪ 19። በስትሪፑ ላይ ያሉ ሆቴሎች ውስጥ ለሠራተኞች ዘጠኝ ልዩ የኮከስ ቦታ ተከፍቶ ነበር። የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር ለኦባማ ነው የቆመው፣ ስለዚህ ሁላችንም እሱ ይወስደዋል አልን። ሂላሪ አብዛኞቹን ወሰደች። ማታ ደግሞ ስቴቱን በ51 ለ 45 አሸነፈች ተባለ። በማግሥቱ አንድ ተሳፋሪ ጋዜጣ እያነበበ “ኦባማ 13፣ ሂላሪ 12” ሲለኝ ሰውዬው የሰከረ መስሎኝ ነበር። ቬጋስ ደግሞ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይጠፋም።

የአሌክሳንድሪያው፦
ጋሼ፣ ሰውዬው ደህና ነበር። ነቫዳ የሙሉና ጎዶሎ ትምህርት ነች። ሂላሪ የበለጠችው እርስዎ ያሉበት ክላርክ ካውንቲ ላይ ነው፣ እዚያ ቁጥሩ ሙሉ ስለነበር እኩል ተካፈሉ። ኦባማ የበለጠው በሰሜኑና በገጠሩ ነው፣ እዚያ ቁጥሩ ጎዶሎ ነበር፣ ትርፏን እሱ ወሰዳት። ማሙሽ፣ ነቫዳን ባንተ ዘዴ ሥራት እስቲ።

ማሙሽ ኤክሴል፦
ሠራሁት። ለሂላሪ 13 ለ 12 ይላል። ገለበጥኩት ማለት ነው። አፈርኩ።

ከቦሌ ሚካኤል፦
እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በዚያን ጊዜ ሦስት የተለያየ ድረ ገጽ እከፍት ነበር፣ ሦስቱም የተለያየ ቁጥር ነበራቸው፣ አንዱ ላይ ኦባማ ይመራል ሌላው ላይ ሂላሪ ትመራለች። ያኔ ፈረንጅም ሂሳብ አይችልም እንዴ ብዬ ተውኩት። ምክንያቱ ይህ ማጠጋጋት ነው?

ሰብለ ከሲያትል፦
እሱም አለበት፣ ዋናው ግን ሱፐር ዴሌጌት ነው። ወደ 800 የሚሆኑ የፓርቲ ሰዎች ነበሩ፦ ሴናተር፣ የምክር ቤት አባል፣ ገዥ፣ የብሔራዊ ኮሚቴ አባል። እነዚህን የትኛውም ስቴት ውጤት አያስራቸውም፣ የፈለጉትን ይደግፋሉ፣ ነገ ሊለውጡም ይችላሉ። አሶሺየትድ ፕሬስ አንድ በአንድ ስልክ እየደወለ ማንን ትደግፋለህ ብሎ ነበር የሚቆጥራቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሂላሪ በእነሱ በሰፊው ትመራ ነበር። ስለዚህ እነሱን የደመረ ድረ ገጽ ሂላሪን ከላይ ያስቀምጣል፣ የማይደምር ኦባማን። ሜይ ላይ በሱፐር ዴሌጌትም ኦባማ አለፋት፣ ያኔ ጭቅጭቁ በረደ። አንዳንዱ ድረ ገጽ ደግሞ የኮከስ ስቴቶችን ገና አልጸደቀም ብሎ አይቆጥርም ነበር።

ዛሬ ይህ ቀንሷል። በ2018 ደንቡ ተለውጦ ሱፐር ዴሌጌቶች ውጤቱን ሊለውጥ በሚችል የመጀመሪያ ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ተደረገ። ለ2028 ስትሠራ በውጤት የታሰሩትን ብቻ ይዘህ ጀምር።

ከቦሌ ሚካኤል፦
አሁን ገባኝ፣ ተባረኪ እህቴ። የመጨረሻው መስመርስ፣ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የዴሌጌት ብዛት? አንዴ 2,025 ሲሉ አንዴ 2,118 ሲሉ ትዝ ይለኛል።

የአሌክሳንድሪያው፦
ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሯጮቹ እየሮጡ ገመዱ ነው የተዛወረው። ፍሎሪዳና ሚሺጋን ከተፈቀደው ቀን ቀድመው ምርጫ ስላደረጉ ዴሌጌታቸው በሙሉ ተሰርዞ ነበር። ሜይ 31 የፓርቲው የደንብ ኮሚቴ ዋሽንግተን ላይ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ዴሌጌት ግማሽ ግማሽ ድምፅ ይኑረው ብሎ መለሳቸው። ጠቅላላው ሲጨምር ግማሹም ጨመረ፣ 2,118 ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጁን 3፣ ሞንታናና ሳውዝ ዳኮታ ሲያበቁ ኦባማ አለፈው።

አልዋጥልኝም፦
ቆይ ቆይ። ዴሌጌት አይቆረስም ያልከው አንተ አይደለህም? ይኸው ተቆረሰ!

የአሌክሳንድሪያው፦
ሃሃ ይዘኸኛል። ከዚህም የባሰ አለ። ውጭ አገር የሚኖሩ አሜሪካውያን ዴሞክራቶችም የራሳቸው ፕራይመሪ አላቸው፣ አዲስ አበባ ያለ ባለ አሜሪካ ፓስፖርት ሐበሻም ሊመርጥበት ይችላል። ያኔ ውጤቱ 4.5 ለ 2.5 ነበር። ማሙሽ ኤክሴልህ ላይ ነጥብ ማስገባት ይፈቀድ።

ቀዩ ዝሆን፦
ሁላችሁም ስለ ዴሞክራት ብቻ! ሪፐብሊካን ላይ ይህን ሁሉ ሂሳብ አምጥታችሁ ብትሞክሩት ትከስራላችሁ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ደንብ አለው። በ2016 ሳውዝ ካሮላይና ላይ ትራምፕ 32.5 በመቶ አግኝቶ 50ውንም ወሰደ። 29ኙ በስቴቱ ለበለጠ ሰው፣ ቀሪው 21 ደግሞ በሰባት ወረዳ ሦስት ሦስት፣ ሰባቱንም ወረዳ እሱ በለጠ፣ አለቀ። ፔንሲልቬኒያ ደግሞ ያኔ ከ71ዱ 17ቱ ብቻ ነበሩ በውጤት የታሰሩት። 54ቱን መራጩ በስማቸው ነው የመረጣቸው፣ ወረቀቱ ላይ የማን ደጋፊ እንደሆኑ አልተጻፈም። እሱን በየትኛው ቀመር ትገምተዋለህ?

ሌላው፣ ሪፐብሊካን ለየወረዳው እኩል ሦስት ነው የሚሰጠው። በ2016 ካሊፎርኒያ ላይ ሪፐብሊካን በመብራት የሚፈለግበት የሳን ፍራንሲስኮ ወረዳም ሦስት፣ ሪፐብሊካን የሞላበት የገጠር ወረዳም ሦስት። ያኔ የሳን ፍራንሲስኮ አንድ ሪፐብሊካን መራጭ ወርቅ ነበር።

ሰብለ ከሲያትል፦
ይህኛው ጥሩ ነጥብ ነው። ዴሞክራቶች በተቃራኒው ነው የሚያደርጉት፣ ቀድሞ ለፓርቲው ብዙ ድምፅ የሰጠ ወረዳ ብዙ ዴሌጌት ያገኛል። ቴክሳስ በ2008 በስቴት ሴኔት ወረዳዎች ነበር የከፋፈለችው፣ በ31 ወረዳ፣ ከሁለት እስከ ስምንት ዴሌጌት። ኦስቲን ስምንት ነበራት፣ ሂላሪ የጠነከረችባቸው የደቡቡ የሂስፓኒክ ወረዳዎች ሦስትና አራት። ማሙሽ፣ ያንተ 65 ለ 61 የፕራይመሪው ብቻ ነው። በዚያው ማታ ምርጫ ጣቢያው ሲዘጋ ኮከስ ነበር፣ 38 ለ 29 ኦባማ። ደምረው። 99 ለ 94፣ ሂላሪ ያሸነፈችበት ስቴት ላይ ኦባማ ይበልጣል።

ማሙሽ ኤክሴል፦
እናንተ ሰዎች እንቅልፍ ልትነሱኝ ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦
ገና ነው፣ የ15 በመቶው ገደብ አልተነሳም። 2008 ላይ ሁለት ሰው ስለነበር ብዙም አላስቸገረህም፣ 2028 ላይ ግን አሥር ሰው ሊሮጥ ይችላል። ከ15 በታች ያገኘ ሰው ድምፁ ከሂሳቡ ይወጣል፣ የቀሩት ይካፈሉታል። ስድስት ዴሌጌት ያለው ወረዳ ላይ 45፣ 30፣ 16 ካገኙ 3፣ 2፣ 1 ይሆናል። ሦስተኛው ሰውዬ 14 ላይ ቢወድቅና ሁለተኛው 31 ቢሆን 4፣ 2፣ ባዶ ይሆናል። በሁለት ነጥብ መንሸራተት መሪው አንድ ሙሉ ዴሌጌት አተረፈ።

ገደቡ በወረዳም በስቴትም ለየብቻው ነው የሚሠራው። በ2020 ካሊፎርኒያ ላይ ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ዋረን በስቴት ደረጃ 13 በመቶ ገደማ ነበረች፣ ከስቴቱ ድስት ምንም አላገኘችም። ግን 15ን ካለፈችባቸው ወረዳዎች 11 ዴሌጌት ለቀመች። ሌላው ተወዳዳሪ ብሉምበርግም እንደዚያው ሰባት። የስቴቱን መቶኛ ብቻ ይዘህ ብትገምት ሁለቱንም ዜሮ ነበር የምትላቸው።

ቀዩ ዝሆን፦
ግን እኮ የወረዳ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ የለም። ሁሉም ፖል የስቴት ነው። ከየት አምጥቶ ይገምታል?

የአሌክሳንድሪያው፦
ሕዝቡን ከማወቅ ነው። በዕድሜ፣ በዘር፣ በትምህርት፣ ባለፈው ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ። የኦባማ ዘመቻ ከሱፐር ቱስዴይ በኋላ በስህተት ጋዜጠኞች እጅ የገባበት አንድ ኤክሴል ነበር፣ የቀሩትን ስቴቶች ሁሉ የገመተበት። ኦሃዮንና ፔንሲልቬኒያን እንሸነፋለን ብሎ ጽፏል፣ ተሸነፈ። ሜይንን ደግሞ እንሸነፋለን ብሎ አሸነፈ። በየዕለቱ ቲቪው ማን አገገመ ማን ተንገዳገደ እያለ ሲያወራ እነሱ ወረቀቱን ነበር የሚያዩት። ኦባማ ፌብሩዋሪ ላይ በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ ብልጫው ከ100 በላይ ሆነ፣ እያንዳንዱ ወረዳ በተገኘው ድምፅ ልክ በሚካፈልበት ደንብ 100 ማካካስ ማለት በቀሩት ስቴቶች ሁሉ በሰፊ ልዩነት እያሸነፉ መሄድ ነው። ሂላሪ ኦሃዮን በዘጠኝ ነጥብ ገደማ አሸንፋ ያተረፈችው ሰባት ዴሌጌት ነው።

እኔ ራሴ ፌብሩዋሪ 12 አሌክሳንድሪያ ላይ መርጫለሁ። ማታ መንገዱ በረዶ ሆኖ ማሪላንድ ጣቢያዎቿን ዘግይታ ነበር የዘጋችው። እኛ ቨርጂኒያ ላይ በዴሌጌት 54 ለ 29 ለኦባማ ሰጠነው። ያን ሌሊት ከዚያ ኤክሴል ጋር ባመሳስለው ኖሮ ጨዋታው እንዳለቀ አውቅ ነበር፣ እኔ ግን እስከ ጁን ጥፍሬን ስበላ ከረምኩ።

ማሙሽ ኤክሴል፦
ተመለስኩ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። አላባማን በሦስቱ ድስት ከፋፈልኩት። 52ቱ 34 የወረዳ፣ 11 የስቴት፣ 7 የሹማምንት ናቸው። በ57.4 በመቶ 11ዱ 6 ለ 5 ይሆናሉ። 7ቱ 4 ለ 3። ሲደመር 10 ለ 8። አሁን ከ27 ላይ 10 ሳነሳ 17፣ ከ25 ላይ 8 ሳነሳ 17። ሰባቱ ወረዳ ተደምሮ 17 ለ 17! በ14 ነጥብ ያሸነፈበት ስቴት ላይ በወረዳው ድስት ምንም አላተረፈም፣ ያቺ የሁለት ብልጫ የመጣችው ከሁለቱ ትናንሽ ድስቶች ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ብቻዬን ጮህኩ፣ ሚስቴ ምን ሆንክ ብላ መጣች፣ አላባማ አልኳት።

ጋሽ ታክሲ ቬጋስ፦
ምን አለችህ?

ማሙሽ ኤክሴል፦
ኦባማ ሞተ እንዴ አለችኝ። አሁን ቴክሳስን በ31ዱ ወረዳ ልጀምር ነው፣ የየወረዳው የዴሌጌት ብዛት ዝርዝር ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይላክልኝ።